«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»፦ ስለ ኤሴክስ መርከብ ፊልም ለተጻፈ ትችት ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «አንብበውና ደምህ ይፍላ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ሮን ሃዋርድ በ2015 ባወጣው «ኢን ዘ ሃርት ኦቭ ዘ ሲ» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ትችት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፊልሙን ላላየ ሰው፦ በ1820 ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ዓሣ ነባሪ መትቶ ስላሰመጣት ኤሴክስ ስለምትባል ዓሣ ነባሪ አዳኝ የአሜሪካ መርከብ፣ ከዚያም በሦስት ትንንሽ ጀልባዎች ለሦስት ወር ያህል ስለተንከራተቱት መርከበኞቿ የሚተርክ ነው።

ደሜ አልፈላም። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ፊልሙን እስከ መጨረሻው ማየታቸው ያስታውቃል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ግማሹን አይቶ ሙሉውን የሚኮንን ስንት አለ። ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። የብሉሬይ ዲስኩ ምስል የተበላሸ ነው፣ ቢጫ ነው፣ የባሕሩ አረፋ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይበታተናል፤ ስለዚህ ለዲስኩ ገንዘብ ማውጣት ሞኝነት ነው። ንግግሩ አይሰማም። ዓሣ ነባሪ መርከብ ማስመጡ የፊልም ሠሪዎች ቅዠት ነው። መርከበኞቹ ቅርብ ያለውን ደሴት ትተው በሺህ የሚቆጠር ማይል መቅዘፋቸው የስክሪፕት ቀዳዳ ነው። ካፒቴን ፖላርድ የሀብታም ልጅ፣ ቅብጥብጥና ትዕቢተኛ ነው። ከዚህ ሁሉ ወቀሳ በኋላ ደግሞ ሦስት ትዕይንቶችን «ታሪኩን ሳይሸራርፍ ያቀረበ» ብለው ያመሰግናሉ፦ ዓሣ ነባሪው ጀልባዎቹን ለበቀል የሚከታተልበትን፣ ወጣቱ ኮፊን ራሱን የሚሰዋበትንና የመርከቡ ባለቤቶች ሊደብቁት የፈለጉት እውነት በምርመራው ሸንጎ የሚወጣበትን።

ነገሩ ተገላብጦባቸዋል ባይ ነኝ። የነቀፉት አብዛኛው እውነተኛ ወይም በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ያመሰገኗቸው ሦስቱም ትዕይንቶች ግን ለፊልሙ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው።

ከምስሉ ልጀምር፣ ጸሐፊውም ብዙ ቀለም ያፈሰሱት እሱ ላይ ነውና። እሳቸው ራሳቸው እንደነገሩን ፊልሙን ያዩት ከአንድ ፊልም የሚጭን ሱቅ በፍላሽ ያስጫኑትን፣ በስሙ ውስጥ «ብሉሬይ» የሚል ቃል ያለበትን 1.4 ጊጋባይት ፋይል ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፋይሉ ስም ላይ የተጻፈው ቃል ፋይሉ ከምን እንደተቀዳ ይናገራል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ከጠጅ ብርሌ የተረፈ ጭላጭ ላይ አንድ ጆግ ውኃ ጨምሮ «ጠጅ» ብሎ እንደመሸጥ ነው፤ መነሻውስ ጠጅ ነበር፣ አልዋሸም።

ሒሳቡን እንሥራው። ፊልሙ 122 ደቂቃ ነው። 1.4 ጊጋባይትን ለ122 ደቂቃ ብናካፍል ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 1.5 ሜጋቢት (የመረጃ መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ድምፁንም ጨምሮ። ብሉሬይ ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ይፈቅዳል፤ ባለ ሁለት ንብርብሩ ዲስክም 50 ጊጋባይት ይይዛል። ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳዩት የስትሪሚንግ ድርጅቶች እንኳ ለኤችዲ ምስል 5 ሜጋቢት ገደማ የኢንተርኔት ፍጥነት ይመክራሉ። እንግዲህ ጸሐፊው ያዩት ከዲስኩ እጅግ ያነሰ፣ ከስትሪሚንጉም በታች የሆነ ቅጂ ነው። ፍርዱ ግን የተሰጠው በዲስኩ ላይ ነው።

«ታዲያ ሌላ ፊልም በዚያው መጠን አስጭኜ ጥሩ ሆኖ አይቻለሁ» ሊሉ ይችላሉ። ልክ ናቸው፣ ያያሉ። ምስል የሚጨመቅበት ዘዴ አንድ ቀላል ብልሃት ላይ የቆመ ነው፦ ካለፈው ፍሬም (ፊልሙ ከተሠራበት ነጠላ ምስል) ያልተለወጠውን ነገር ደግመህ አትጻፍ። ሁለት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቢያወሩ ግድግዳው አንዴ ከተጻፈ ይበቃል፤ የሚጻፈው የከንፈራቸውና የእጃቸው እንቅስቃሴ ነው። ባሕር ላይ ግን ካለፈው ፍሬም ጋር አንድ የሆነ ነገር አይገኝም። አረፋው፣ ዝናቡ፣ የሚረጨው ውኃ፣ ከዘይት ማንጠሪያው ምድጃ የሚወጣው ጭስ፣ ሁሉም በየፍሬሙ አዲስ ነው። ቢቱ ሲያልቅበት ፋይሉ ያለው አማራጭ አንድ ነው፦ ዝርዝሩን ጥሎ በትልልቅ አራት ማዕዘን መሙላት። የፍቅር ፊልም በ1.4 ጊጋባይት ይታያል፤ የባሕር ፊልም ግን ሰምጦ ይቀራል።

እህቴ ከቨርጂኒያ ዲስኩን ከነማጫወቻው ልካልኛለች። (ማጫወቻው 110 ቮልት ነውና ትራንስፎርመር ገዝቼለታለሁ፤ ትራንስፎርመሩ ከዲስኩ በላይ አስወጥቶኛል፤ ስለዚህ ስለ ሞኝነት ጸሐፊው ካሰቡት በላይ ልነግራቸው እችላለሁ።) ለማመዛዘን ያህል እኔም ያንኑ የሚመስል ፋይል አስጫንኩና አንዱን ትዕይንት በሁለቱም ላይ አቁሜ አየሁት። ልጁ ኒከርሰን፣ ቶም ሆላንድ የሚጫወተው፣ የተገደለው ዓሣ ነባሪ ጭንቅላት ውስጥ ዘይቱን እንዲቀዳ ወደ ውስጥ የሚወርድበት ነው። በዲስኩ ላይ ዙሪያው ያለው ሥጋ እርጥብ ነው፤ ዘይቱ እንደ ቀለጠ ሞራ በልጁ ክንድ ላይ ሲንጠባጠብ ጠብታው ይለያል፤ ፊቱ ላይ ሽታው ይነበባል። በፋይሉ ላይ ልጁ ቡናማ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ከጭቃው ሌላ ምንም የለም። ይህን አይቶ «ፊልሙ ስሜት አይሰጥም» ያለ ሰው ላይ አልፈርድም፤ ያላየው ነገር ስሜት እንዲሰጠው እንዴት ይጠበቃል?

«ባሕሩ የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል» ያሉት ደግሞ የፋይሉም ጥፋት አይመስለኝም። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚታየው። የዛሬ ቲቪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በመካከል የራሳቸውን የፈጠራ ፍሬም እየሰኩ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሱበት ማስተካከያ አላቸው፤ ለኳስ ጥሩ ነው፣ ፊልምን ግን ልክ እሳቸው እንዳሉት የቲቪ ድራማ ያስመስለዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ነው፤ በአዳዲሶቹ ቲቪዎች ላይ «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ካለ እሱን መምረጥ። «ቪቪድ» ላይ ከሆነ ደግሞ የቀለም ቅሬታ ከማቅረብ በፊት ከዚያ መውጣት ያስፈልጋል።

ወደ ቢጫነቱ ልሂድ። አዎ፣ ፊልሙ ቢጫና አረንጓዴ ያደላበታል። ዲስኩ ስለተበላሸ አይደለም። ካሜራውን የያዘው አንተኒ ዶድ ማንትል ነው፤ በ«ስለምዶግ ሚሊየነር» ኦስካር የወሰደው፣ ከሃዋርድ ጋር ከዚህ በፊት «ረሽ»ን የሠራው ሰው። የሱን ሌሎች ሥራዎች ያየ ሰው ቀለምን እንዲህ ገፋ አድርጎ መጠቀም የሰውየው ጠባይ መሆኑን ያውቃል። ካሜራውን ገመድ ሥር፣ ከበርሜል ጎን፣ ውኃው እየመታው ባለበት ቦታ ይደቅነዋል፤ ሌንሱ ላይ ጠብታ ሲቀር አይጠርገውም። «ደብዛዛ» የተባሉት አንዳንዶቹ ምስሎች በዚህ ምክንያት ሆን ተብለው ደብዛዛ የሆኑ ናቸው።

ቢጫውን በተመለከተ የራሴን ንባብ ልናገር። ይህ ስለ መብራት ዘይት የተሠራ ፊልም ነው። ናንተኬት የምትባለው ትንሽ የማሳቹሴትስ ደሴት የከበረችው በዓሣ ነባሪ ዘይት ነው፤ በየቤቱ የሚበራው ኩራዝና ሻማ ከዚያ እንስሳ ጭንቅላትና ስብ የወጣ ነው። ሽማግሌው ኒከርሰን ሆኖ የሚጫወተው ብሬንዳን ግሊሰን ታሪኩን ለደራሲው ለሄርማን ሜልቪል የሚተርክበት ክፍል ቢጫ የሆነው እነዚያ ሰዎች የሞቱለት ነገር ጠረጴዛው ላይ እየነደደ ስለሆነ ነው። እንደ ላምባ መብራት ያለ ብርሃን በልጅነቱ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። እንዲያው ጥርጣሬ ካለ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ሰብታይትሉን ክፈቱ። ፊደሉ ነጭ ሆኖ ምስሉ ቢጫ ከሆነ ቲቪያችሁ ደኅና ነው፤ ቢጫው የፊልሙ ነው። ፊደሉም ቢጫ ከሆነ ቲቪውን አስተካክሉ።

በዲስኩ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ያ የሽማግሌው ክፍል ጥጋ ጥጉ ላይ ከሚገባው በላይ ይጨልማል። ከሁሉ የሚገርመው፣ ጸሐፊው «ከእውነተኛ የማይለይ» ብለው ያደነቁት የዓሣ ነባሪው ጥቃት በዲስኩ ላይ ሲታይ ከእውነተኛ ይለያል። ፊልሙ የተቀረጸው ለንደን አጠገብ ሌቭስደን ስቱዲዮ በተሠራ የውኃ ገንዳና በካናሪ ደሴቶች አካባቢ ባለ ባሕር ላይ ነው፤ ምስሉ በጠራ ቁጥር የትኛው ሰማይ የካናሪ፣ የትኛው የኮምፒውተር እንደሆነ ይጋለጣል። መጥፎው ፋይል ለጸሐፊው የዋለላቸው ብቸኛ ውለታ ይህን መደበቁ ነው።

ስለ ድምፁ ብዙ አልልም። ዲስኩ የተሰናዳው በዶልቢ አትሞስ ነው፣ ንግግሩ በመሃለኛው ስፒከር እንዲወጣ፣ ማዕበሉና የእንጨቱ መንቋቋት በዙሪያና በላይ እንዲሰማ ሆኖ። ያ ሁሉ ተጨፍልቆ በሁለት የቲቪ ስፒከር ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበረው ንግግር ነው። ማጫወቻው ላይ ድምፁን «ስቴሪዮ» ማድረግና «ናይት ሞድ» ካለ እሱን መክፈት ግማሹን ችግር ይፈታል። ቀሪው ግማሽ ዋናው ተዋናይ ክሪስ ሄምስዎርዝ የኒው ኢንግላንድ አነጋገር ለመናገር ያደረገው ትግል ነው፤ ለዚያ የሚሆን ሴቲንግ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ታሪኩ። «የሰማይ ስባሪ የሚያህል ዓሣ መርከብ መትቶ አሰመጠ ብሎ የሚያምን ልጅ ብቻ ነው» ይላል ጽሑፉ። ኤሴክስ ከናንተኬት የወጣችው ነሐሴ 1819 ነው። የጭነት መለኪያዋ 238 ቶን የሆነ፣ 87 ጫማ፣ ማለትም 26 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያላት አሮጌ መርከብ ነበረች። ኅዳር ላይ፣ በኖቬምበር 20 ቀን 1820፣ ሁለቱ ጀልባዎች ለአደን ወጥተው ሳለ የካፒቴኑ የመጀመሪያ ረዳት ኦወን ቼዝ የተሰበረች ጀልባውን መርከቡ ላይ ሆኖ ይጠግን ነበር። 85 ጫማ ብሎ የገመተው «ስፐርም» ከሚባለው ዝርያ የሆነ ወንድ ዓሣ ነባሪ መጥቶ መርከቡን ከፊት ለፊት ጎኑ መታው፤ በሆዷ ሥር አለፈ፤ ከዚያም ራቅ ብሎ ተመልሶ አፍንጫዋን ደገመው። መርከቧ በደቂቃዎች ውስጥ በጎኗ ተጋደመች። ካፒቴን ፖላርድ ከአደን ሲመለስ «ምን ነካችሁ?» አለ፤ ቼዝ «ዓሣ ነባሪ ሰበረን» ብሎ መለሰ። ይህን ያነበብነው ከስክሪፕት አይደለም፤ ቼዝ በሕይወት ተርፎ በ1821 ካሳተመው የራሱ መጽሐፍ ነው። አንዴ የሆነ ብቻ ነው የሚል ካለ ደግሞ፣ በ1851 አን አሌክሳንደር የተባለች መርከብ በዚያው በፓስፊክ በዚያው መንገድ ሰምጣለች።

የዚህ ፊልም ሠሪዎች የዘለሉት ምርጥ ትዕይንት ከቼዝ ጋር መርከቧ ላይ የነበረው ልጁ ኒከርሰን በተወው ማስታወሻ ውስጥ መኖሩ ነው የሚያሳዝነኝ። ከመጀመሪያው ምት በኋላ እንስሳው ደንዝዞ ከመርከቧ ጎን ተኝቶ ነበር። ቼዝ ጦሩን አነሣ። ሊወጋው ሲል የእንስሳው ጅራት ከመሪው አጠገብ መሆኑን አየ፤ ቢወጋው በአንድ ምት መሪውን ሰባብሮ ከየትኛውም የብስ በሺህ የሚቆጠር ማይል ርቀት ላይ መርከቧን ያለ መሪ ሊያስቀራት ነው። ስለዚህ እጁን መለሰ። ለመርከቧ ሲል የማረው ዓሣ መርከቧን አጠፋ። ፊልሙ ይህን አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው፦ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓሣ ነባሪው ጀልባዎቹን ተከታትሎ ይመጣል፣ ቼዝም ዓይን ለዓይን ተያይተው ጦሩን ዝቅ ያደርጋል። ጸሐፊው ይህን «የታሪኩ እውነተኛ ልብ» አሉት። እውነተኛው ዓሣ ነባሪ ከሁለተኛው ምት በኋላ ሄደ፤ ማንም ዳግመኛ አላየውም። ተከታትሎ የሚበቀለው ነጩ ዓሣ የሄርማን ሜልቪል ነው፤ ፊልሙ ከልብ ወለዱ ከ«ሞቢ ዲክ» ተበድሮ ለኤሴክስ አለበሳት።

ስለ ደሴቶቹ ያነሡት ጥያቄ ከጽሑፉ ሁሉ ጥሩው ነው፣ መልሱን ግን ሳይፈልጉ «የስክሪፕት ቀዳዳ» ብለው አለፉት። ቀዳዳው የስክሪፕቱ አይደለም፣ የሰዎቹ ነው። ቅርባቸው የማርኬሳስ ደሴቶች ነበሩ፤ ነፋሱም ወደዚያ ይገፋቸው ነበር። ካፒቴን ፖላርድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሶሳይቲ ደሴቶች እንሂድ አለ። ቼዝና ሁለተኛው ረዳት ማቲው ጆይ እምቢ አሉ፦ እዚያ ሰው በላዎች አሉ ብለው ሰምተዋል። ስለዚህ ከነፋሱ ጋር እየታገሉ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ አሜሪካ ለመሄድ ወሰኑ። በቀን ትንሽ ጋሌጣና ሩብ ሊትር የማይሞላ ውኃ ይዘው ከ4,000 ማይል በላይ። ጋሌጣው ደግሞ የባሕር ውኃ ነክቶት ነበርና በበሉ ቁጥር ጥሙ ይብስባቸዋል። ሰው በላ ፈርተው የሸሹት ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ፊልሙን ያየ ያውቃል።

ኮፊንን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። በፊልሙ ዕጣው የሚወጣው በካፒቴኑ ላይ ነው፤ ሄንሪ ኮፊን የተባለው ወጣት ዘመዱ ግን ካፒቴኑን መግደል አቅቶት ራሱን ያጠፋል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ዕንባቸው እንደመጣ ጽፈዋል። የኔም አልመጣም አልልም። የሆነው ግን ይህ ነው። በየካቲት 1821 ፖላርድ ጀልባ ውስጥ አራት ሰዎች ቀርተው ነበር። ዕጣ ጣሉ። ወጣችው በኦወን ኮፊን ላይ ነው፣ ሃያ ዓመት ባልሞላው፣ በፖላርድ የአክስት ልጅ ላይ። ካፒቴኑ ዕጣህን ካልወደድከው የሚነካህን ሰው እኔ እገድለዋለሁ አለው። ልጁ ዕጣዬን ተቀብያለሁ አለ። ማን እንደሚተኩስ ሁለተኛ ዕጣ ተጣለ፤ በቻርልስ ራምስዴል ላይ ወጣ፣ በልጁ ጓደኛ ላይ። ፖላርድ ናንተኬት ተመልሶ የኮፊንን እናት፣ የገዛ አክስቱን፣ ፊት ለፊት ማየት ነበረበት።

ፊልሙ ይህን ለምን እንደለወጠው ይገባኛል። ራሱን የሚሰዋ ልጅ ተመልካቹን ያሳርፋል፤ ዕጣ ደግሞ ማንንም አያሳርፍም፣ ጥፋተኛ የለውምና። ለዚህ ነው ያመሰገኑት ትዕይንት ከሁሉ ይልቅ የማዝንበት። የሰዎቹን ሸክም ቀንሶ እኛን አቀለለን።

የተደበቀው እውነትም እንዲሁ ነው። በፊልሙ የመርከቡ ባለቤቶች «መርከቧ ዐለት ነካች በሉ» ብለው ያግባባሉ፣ በመጨረሻ እውነቱ በሸንጎ ይወጣል። ጥሩ የፊልም መዝጊያ ነው። ቼዝ ግን ከተመለሰ በጥቂት ወር ውስጥ መጽሐፉን አሳትሟል፤ በኒውዮርክ የሚሸጥ መጽሐፍ ምኑ ምሥጢር ይሆናል? የእውነት ለረጅም ጊዜ የጠፋው የልጁ የኒከርሰን ማስታወሻ ነው፦ በስተርጅናው ጽፎት፣ በ1960 ተገኝቶ፣ በ1984 ታተመ። ፊልሙ የተመሠረተበት የናትናኤል ፊልብሪክ መጽሐፍ በ2000 የወጣው ሁለቱን ምስክሮች አጣምሮ ነው።

የእውነት መደበቅ ካነሣን፣ ጽሑፉም ፊልሙም ያላነሡት አንድ ነገር አለ። መርከቧ ስትሰምጥ ከነበሩት 20 ሰዎች ስድስቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከነሱ አንድም አልተረፈም። በመጀመሪያ ሞተው የተበሉት አራቱ፣ ላውሰን ቶማስ፣ ቻርልስ ሾርተር፣ አይዛያ ሼፐርድና ሳሙኤል ሪድ፣ አራቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው ያለቁት። በጀልባ ተርፈው የወጡት አምስቱ በሙሉ የናንተኬት ልጆች ናቸው። ፊልብሪክ ከሚያነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ከመርከቧ መስመጥ በፊት ይጀምራል፦ ከፊት ባለው ጠባብ ክፍል የሚያድሩት ጥቁር መርከበኞች የሚደርሳቸው ምግብ ከናንተኬቶቹ ያነሰ ስለነበር ጀልባው ላይ የወጡት ቀድሞውኑ ተጎድተው ነው። አንድ ሰው ይህን ፊልም «ታሪክ ሸራረፈ» ብሎ መክሰስ ከፈለገ መነሻው ከዚህ ቢሆን እኔም ከጎኑ እቆማለሁ።

ሁለት ነገር ላይ እስማማለሁ። ተዋናዮቹ በቀን 500 እና 600 ካሎሪ እየበሉ እስኪከሱ ድረስ የደከሙበት የጀልባው ክፍል በፊልሙ ውስጥ አጭር ነው፤ ሦስት ወሩ እንደ ሦስት ቀን ያልፋል። ሜልቪልና ሽማግሌው ኒከርሰን እየተጨዋወቱ ታሪኩን የሚያቋርጡበት ቦታም በዝቷል። «በገበያው ከስሯልና መጥፎ ነው» የሚለው ግን ክርክር አይደለም። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ያንን ያህል እንኳ አለማስገባቱ እውነት ነው፤ ስለ ምስሉም ስለ ታሪኩም የሚነግረን ነገር የለም።

የቀረው ካፒቴኑ ነው። «የሀብታም ልጅ፣ በዘር የተሾመ፣ ትዕቢተኛ።» ቤንጃሚን ዎከር የተጫወተው ሰው እንዲያ ነው፤ ከቼዝ ጋር መናቆሩ ፊልሙን ያንቀሳቅሰዋል። እውነተኛው ጆርጅ ፖላርድ በዚያችው በኤሴክስ ላይ የመጀመሪያ ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ ቼዝም አብሮት ነበር፣ በ28 ዓመቱ ገደማ ካፒቴንነትን ያገኘ ሰው ነው። ጥፋቱ ትዕቢት ሳይሆን ለስላሳነት ነበር። ጉዞው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ማዕበል መርከቧን በጎኗ ጥሎ ጀልባዎች ሲሰብር፣ ተመልሰን እንጠግናት አለ፤ ረዳቶቹ እንቀጥል ሲሉት ተወ። ከመስመጧ በኋላ ወደ ደሴቶቹ እንሂድ አለ፤ አሁንም ሲከራከሩት ተወ። ሁለቱንም ጊዜ ልክ የነበረው እሱ ነው።

ሌላ መርከብ ተሰጠው፣ ቱ ብራዘርስ የምትባል። እሷም በ1823 በሃዋይ ሰሜን ምዕራብ ባለ ኮራል ላይ ተሰበረች። ከዚያ በኋላ መርከብ የሚሰጠው አልተገኘም፤ ናንተኬት ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ሆነ። ፊልሙ ሜልቪልን በ1850 ወደ ኒከርሰን ይልከዋል፤ እውነተኛው ሜልቪል ደሴቲቱን ያየው «ሞቢ ዲክ» ከታተመ በኋላ፣ በ1852 ነው። ያገኘውም ዘበኛውን ነው። ጥቂት ቃል ተለዋወጡ። የደሴቲቱ ሰዎች እንደ ምንም የማይቆጥሩት ይህ ሰው፣ በሕይወቱ ካያቸው ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የከበደው፣ ትሑት ሰው እንደሆነ ሜልቪል በኋላ ጽፏል።